አንድ ግሥ

ስልኬ ጮኸ በማለዳ፣ ዝናብ ሲጥል በአፉላ፣
የጫማዬን ክር ሳላስር፣ ወጣሁ ቁርሴን ሳልበላ።
እኔ የምተረጉመው ስኳር ነው፣ የደም ግፊት፣
«አንዷን ክኒን ከምግብ ኋላ፣ ግማሿን ከእንቅልፍ በፊት»፣
«ተንፍሺ»፣ «ያዢ»፣ «ልቀቂ»፣ የለመድኩት፣ የማይከብድ፤
ያን ዕለት ግን ያስጠሩኝ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ለወላድ።

ዐሥራ ዘጠኝ ቢሆናት ነው። ከጎንደር ከመጣች ዓመት አልሞላትም።
ከጽፋት መርካዝ ክሊታ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣
ዘመድ የሌለበት ከተማ መርጣ፣ ምጧን በጥርሷ አስራ፣
ብቻዋን ወለደች ሌሊት።
ወንድ ነው። ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ።
በመስታወቱ አልጋ ራስጌ፣ ስም በሚጻፍበት ካርድ ላይ፣
አንድ ባዶ መስመር ተኝቷል፣ ከልጁ ጎን።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ሲጋሊት ወረቀቷን ዘረጋች፤
ድምፅዋን እንደ ጨርቅ አጥፋ፣ ቀስ እያለች አነበበች፦
«ማንም አይከስሽም። ለአባትሽ የሚናገር የለም።
ስምሽ በፖስታ ይታሸጋል።» ተረጎምኩት፣ አልተቸገርኩም።
ከዚያ አንድ ግሥ መጣ፦ «ሊምሶር»።
ምላሴ ቀጥ አለ፣ ገደል አፋፍ እንደደረሰች በቅሎ።

ማስረከብ ልበል? እሱ የመጋዘን ነው፣ በቁጥር፣ በፊርማ፣ በቁልፍ።
መስጠት? ጨው ነው የሚሰጥ፣ ለጎረቤት፣ በማንኪያ ጫፍ።
መተው? ሲጋራ ይተዋል፣ የወንድማማች ጠብም ይተዋል፤
መጣል? ይህኛው ከግሥም አልፎ ዳኛ ነው፣ ሳይጠይቅ ይፈርዳል።
ዝናቡስ ሌሊቱን ሁሉ ሲጥል አደረ፤
ሰማይን «ጣልከው» ብሎ የከሰሰ አልነበረ።

ካልቀረ አደራ ልበላት፣ የአያቶቼ ቃል ነው፣ ይሞቃል፤
ግን አደራ ያስቀመጠ አንድ ቀን መጥቶ ይጠይቃል፤
ይህ ወረቀት፣ ዳኛ ከፈረመበት፣ የመመለሻ በር የለውም።
ዋሽቼ ላስፈርማት አልችል፤ እውነቱን ልናገር አልደፍርም።

ዝም ማለቴ ረዘመ። ሲጋሊት ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ እኔን።
ልጅቱ ቀና አለች።
«ቃሉ ጠፋሽ እንዴ፣ እትዬ?
እኛ ቀበሌ ክረምት ወንዙ ሲሞላ፣ ሰው ሁሉ ተያይዞ ሲገባ፣
ሕፃን ይቀድማል። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከትከሻ ወደ ትከሻ፣
ማዶ የቆመው ይቀበለዋል፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዘመድ፣ ባዳ።
እናቲቱን ውሃው ቢከለክላት፣ እዚሁ ዳር ትቀራለች።
ልጁ ግን ደረቅ ነው።
አሻገረችው በያቸው።»

በዕብራይስጥ አልኩት።
«ይህ ግሥ ቅጹ ላይ የለም» አለች ሲጋሊት፤
ቆየት ብላ ግን ከገጹ ኅዳግ፣ ማንም ከማያነበው ነጭ ቦታ፣
በእርሳስ ጻፈችው፣ በጣም አሳንሳ።

ልጅቱ ፈረመች። ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ ለእጇ ገና አዲስ ነው፤
የስሟ መጨረሻ ከወረቀቱ ጠርዝ ሊወድቅ ደረሰ፣
እዚያው አፋፉ ላይ ቆመ።
«ሌሊት ቢያለቅስ ማን ይነሣል?» አለች።
ይህን መተርጎም ቀላል ነበር።
ድምፄ ግን እምቢ አለኝ፤ ሁለቴ ጀመርኩት።

ከሰዓት በኋላ ለሌላ ሰው ስኳር ተጠርቼ በዚያ ሳልፍ፣
አልጋዋ ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፏል። ዝናቡ አላባራም።
ነርሷ ኦሽራት፣ እዚሁ ተወልዳ አማርኛን ከጓዳ የለቃቀመች፣
ከሕፃኑ አልጋ እግር የተንጠለጠለ አንድ ጥቁር ጥላ እያሳየችኝ፣
«ጥላ ሄደች» አለችኝ።
የቱን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።
አላረምኳትም።

ልጁ ተኝቷል። ጥላው ደርቋል።
በየትኛው ፌርማታ ትበሰብስ ይሆን።